ማንም አልነካውም

«አረንጓዴ ነው ቲቸር። ብልጭ ብልጭ ይላል።»

ካያል ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ በኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ ከሰርቨሩ ፊት ተንበርክካለች። ትናንት የተሰቀለበት የአበባ ጉንጉን ጠውልጎ ወለሉ ላይ ይረግፋል። ክፍሉ ሰንደልና የበሰለ ሙዝ ይሸታል።

«እስቲ እጅሽን አስጠጊው። ይሞቃል?» አለች ቲቸር ቫሱኪ። ከበስተኋላዋ ጨቅላ ልጅ ያለቅሳል።

«ይሞቃል። ማራገቢያውም ይጮኻል።»

«ነፍስ ካለውማ ለምንድን ነው እኔን ዝም የሚለኝ?» አለች ቲቸር። የምታባብለው ልጁን ይሁን ሰርቨሩን አይታወቅም።

ቲቸር ቫሱኪ እዚህ ኮቪልፓቲ ከተማ የለችም። እርግዝናዋ ሲገፋ ወደ እናቷ ቤት፣ ወደ ራማናታፑራም ሄዳ እንደ አገሩ ወግ የመጀመሪያ ልጇን እዚያው ወለደች። ገና አራስ ናት። ይሁንና በሰርቨሩ ላይ የተቀመጠውን የትምህርት ቤቱን ዳታቤዝ፣ የተማሪውን ሁሉ ስምና የልደት ቀን ከነውጤቱ የያዘውን፣ ከእሷ በቀር አሳምሮ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ አራስ ቤት ተቀምጣ፣ ላፕቶፗን ትራስ ላይ አድርጋ፣ ቪፒኤን በሚባለው ለእሷ ብቻ በተከፈተ ስውር መንገድ እየገባች ትሠራለች። ከመንገዱ ጫፍ ፋየርዎል የሚሉት ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለ። የሚገባውን ከማይገባው የሚለየው እሱ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባባ ሙታያ በር ላይ የሚሠሩትን ሥራ እሱ በገመድ ላይ ይሠራል።

ዛሬ ደግሞ ቀልድ የለም። የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች ስም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ለፈተና ቦርዱ መላክ አለበት። የበዓል ሰሞን ነው ቢሉት ቦርዱ በዓል አያውቅም። ስማቸው በሰዓቱ ያልደረሰ ልጆች መጋቢት ላይ አይፈተኑም፣ ሌላ ዓመት ይጠብቃሉ። ካያልም አሥረኛ ክፍል ናት። ቲቸር ሥራውን ትናንት ልትጨርስ አስባ ሕፃኑ ትኩሳት ስለያዘው ለዛሬ አሳደረችው። ዛሬ ስትሞክር ሰርቨሩ ጠፋባት። የካያል ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ስለሆነ የደወለችው ለእሷ ነው።

«እንዲህ ነው ነገሩ» አለች ቲቸር። «ቪፒኤኑ ያስገባኛል። ፋየርዎሉም ያውቀኛል። ሰርቨሩን ስጠራው ግን አቤት የሚል የለም። ከሣጥኑ እስከ ሰርቨሩ ያለውን ገመድ በዓይንሽ ተከተይልኝ። እንዳትነቅይ፣ እዪው ብቻ። እኔ ይሄን ልጅ ላባብለውና መልሼ እደውላለሁ።»

ካያል ገመዱን ተከተለች። ሣጥኑ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ሣጥኑ ግንባር ላይ በተለወሰ የሰንደል ዱቄት ሦስት መስመር ተሰምሯል፤ መሐሉ ላይ ኩምኩም በሚሉት ቀይ ዱቄት ነጥብ ተደርጎበታል። ደግሞ ያብረቀርቃል። ለወትሮው አቧራው ስም ያስጽፋል።

ዞር ስትል ሸንባ በሩ ላይ ቆማ ከፌስታል ውስጥ ፈንዲሻ ሩዝ ትቅማለች። ሸንባ የልብ ጓደኛዋ ናት። ካያል ብቻዋን ባዶ ትምህርት ቤት መግባት ስለከበዳት ለምና ነው ያመጣቻት።

«ሸንባ፣ ይሄን ማን ቀባው?»

«የቱን?» አለች ሸንባ። መቃሟን ግን አቆመች።

ትናንት አዩዳ ፑጃ የሚባለው በዓል ነበር። በዚያ ቀን ሹፌሩ አውቶቡሱን፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን፣ ገበሬው ማረሻውን አጥቦ፣ ሰንደል ቀብቶና አበባ አልብሶ ያመሰግናል። ትምህርት ቤቱም ኮምፒውተሮቹን ያመሰግናል። ካያል የግቢው በር ላይ በሩዝ ዱቄት ሥዕል ስትሥል ስለዋለች፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ያጸዱት እነሸንባ ነበሩ። ቲቸር ቀደም ብላ ደውላ «ያን ጥግ እንዳትነኩብኝ» ብላ ነበር። ያውም ደጋግማ።

«ሁሉም አምሮበት እሱ ብቻ አቧራ ለብሶ ሲቀር አንጀቴን በላው» አለች ሸንባ ቀስ ብላ። «ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሞ ማንም ሳያመሰግነው? ሰርቨሩን አጠፋሁት፣ ገመዶቹን ነቀልኩ፣ ሣጥኑን ግቢ አውጥቼ ጠረግሁት። ከዚያ እንደነበረ መለስኩት። በርቷል እኮ።»

«የተለጠፉት ወረቀቶችስ? በየቀዳዳው ላይ የተጻፈባቸው?»

«ቆሽሸው ነበር። ላጥኳቸው።»

ካያል ጭንቅላቷን ያዘች። ሣጥኑ ላይ መልካቸው አንድ የሆነ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ካያል ከወረቀቶቹ እንደምታስታውሰው አንዱ ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚሰካበት ነው። ሁለተኛው የቢሮውና የሰርቨሩ ነው፤ ሦስተኛው የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች። ፋየርዎሉ በሦስተኛው በኩል የመጣውን ሁሉ ተማሪ ነው ብሎ ስለሚያምን ወደ ቢሮ ነገር ዝር አያስብለውም። ሸንባ የሰርቨሩን ገመድ ሦስተኛው ላይ፣ የተማሪዎቹን ደግሞ ሁለተኛው ላይ ሰክታለች። ያን ሁሉ ውጤት የተሸከመው ሰርቨር ከትናንት ጀምሮ ተማሪ ሆኗል።

«ቲቸር ስትደውል እንነግራታለን» አለች ካያል።

«አብደሻል?» ሸንባ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። «ዳይሬክተሯ ያሉኝን ረሳሽው? ባለፈው ማተሚያውን ስፈታ እጅ ከፍንጅ ሲይዙኝ፣ ሌላ ዕቃ ብትነኪ እዚህ ክፍል ሁለተኛ አትገቢም አሉኝ። እኔ ቤት ኮምፒውተር የለም ካያል። የት ልማር ነው? ገመዱን ዝም ብለን እንመልሰው። በራሱ መጣ በያት፣ በቃ። ማን ይጎዳል?»

ሸንባ ከዚህ ክፍል ከተባረረች ምን እንደምትሆን ካያል ታውቃለች። በትምህርት ቤቱ ሁሉ እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ሸንባን ማንም «ዝም በይ» የማይላት። ደግሞ ማን ይጎዳል ማለቷም እውነት መሰላት። ሁለቱን ገመዶች ነቅላ አቀያየረቻቸው። መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና በሩ። ወዲያው ስልኩ ጠራ።

«ካያል፣ አቤት አለኝ እኮ። ምን አደረግሽው?»

ሸንባ ሁለት እጆቿን ገጥማ ደረቷ ላይ አደረገች።

«ምንም ቲቸር። በራሱ ነው የመጣው።»

«በራሱ?»

«አዎ። ማንም አልነካውም።»

«እሺ፣ ተመስገን ነው። በይ ዳታቤዙን ልክፈተው።» የመተየቢያ ድምፅ ተሰማ። «አይ። ሰርቨሩ ስጠራው አቤት ይላል። ዳታቤዙን ልግባ ስለው ግን በሩን ዘግቶብኛል። ካያል፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ነበር እንዴ? ትናንት መብራት ሄዶ ነበር?»

ሸንባ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«አልጠፋም» አለች ካያል። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላት፤ መቅለሉ ነው ያስደነገጣት።

«እንግዲያው ችግሩ ከእኔ በኩል ነው» አለች ቲቸርና ስልኩን ዘጋች።

ቲቸር ያን ከሰማች በኋላ ፍለጋዋን ሁሉ ወደ ራሷ ቤት አዞረች። የእናቷን ቤት ኢንተርኔት አጥፍታ አበራች። ከቪፒኤኑ ወጥታ ገባች። የወንድሟን ስልክ ተውሳ በእሱ ኢንተርኔት ሞከረች። በየመሐሉ እየደወለች «አሁንስ መብራቱ አረንጓዴ ነው?» ትላለች፣ ካያልም «አረንጓዴ ነው» ትላለች። በስልኩ ውስጥ ያ ሕፃን አንዴ ዝም ይላል፣ አንዴ ይነሳበታል። ሸንባ መጀመሪያ «ፈታ በይ፣ ታገኘዋለች» ስትል ቆይታ በኋላ ፌስታሏን ቋጥራ ወደ ጎን ገፋችው።

አባባ ሙታያ የሽምብራ ንፍሮ በቅጠል ይዘው ገቡ።

«ብሉ እንጂ ልጆች። ባዶ ሆዳችሁን ነው ማሽን የምታዩት?» አሉና ደፍ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። «ቲቸር ነግራቸው ዳይሬክተሯ ደውለው ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። ሰርቨሩን ነቅለኸዋል አሉ። ዱሮ መብረቅ ፈርቼ አንድ ጊዜ ነቅዬው ነበር፣ እሱን አልረሱትም። እኔ ትናንት በሩ ላይ ለበዓሉ ጌጥ የሙዝ ግንድ ሳስር ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ምን አሏቸው?» አለች ካያል።

«ምን እላለሁ? እሺ እመቤቴ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም አልኩ። ሲቆጡ መልስ አይወዱም።» ወደ ጥጉ አንገታቸውን አሰገጉ። «ለመሆኑ ሰርቨር የሚባለው የቱ ነው? ትልቁ ነው ትንሹ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱ ልጆች በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ካያል የያዘችውን ሽምብራ ቅጠሉ ላይ መለሰችው። ሸንባ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቃለች።

ስልኩ ጠራ። የቲቸር ድምፅ ረግቷል፣ ግን ደክሞታል።

«ካያልዬ፣ አንቺ ቤትሽ ግቢ። እኔ ልመጣ ነው።»

«የት?»

«እዚያ ነዋ። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ አሁን አውቶቡስ ካገኘሁ እደርሳለሁ። ከዚህ ሆኜ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። አንቺ በዓይንሽ አይተሽ የተነካ ነገር የለም ካልሽኝ እኔው ቀርቤ ማየት አለብኝ።»

ከበስተኋላዋ የአሮጊት ድምፅ ተሰማ። «አራስ ልጅ ይዘሽ የት ነው የምትሄጂው? አብደሻል ቫሱኪ? ትናንት ማታ ትኩሳት ይዞት ያደረ ልጅ?»

«እናንተ ጋ ይቆያል እማዬ። ወተት አልቤ ትቼላችሁ እሄዳለሁ።»

«ካንቺ ጡት በቀር ምን ይወስዳል?»

ካያል ሸንባን አየቻት። ሸንባም ሰምታለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ካያል ከእሷ ምልክት ለመጠበቅ አሰበችና ተወችው። ምልክት ስትጠብቅ ነው እዚህ የደረሰችው።

«ቲቸር፣ አይምጡ» አለች። «ዋሽቼዎታለሁ። ትናንት ሲጸዳ ሰርቨሩ ጠፍቶ ነበር። ገመዶቹም ሁሉ ተነቅለው ነበር። የሰርቨሩ ገመድ ተማሪዎቹ ጋ ተሰክቶ አደረ። ዛሬ እኔ ነኝ የመለስኩት። በራሱ አልመጣም።»



«ተማሪዎቹ ጋ እንደተሰካ ነው ያበሩት?» አለች ቲቸር።

«አዎ።»

«እንግዲያው ገባኝ።» ትንፋሿን ለቀቀች። «ሰርቨሩ ራሱ ውስጡ ሌላ ፋየርዎል አለው። ሲነሣ ራሱን የማያውቀው ቦታ ስላገኘው በሩን ሁሉ ጠረቀመ። አንቺ ወደ ቦታው መለስሽው፣ ግን ቤትህ ነው ብሎ የነገረው የለም። እማዬ፣ ልጁን ወዲህ ስጪኝ፣ ልሄድ አይደለም። ካያል፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ስክሪን አብሪው።»

ስክሪኑ ሲበራ ፓስወርድ ጠየቀ።

«ፓስወርድ ለተማሪ አልሰጥም» አለች ቲቸር። «ማን አለ እዚያ?»

«አባባ ሙታያ።»

«ስጪያቸው።»

አባባ ሙታያ ስልኩን ተቀብለው እንደ መነኩሴ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ሁለቱን ልጆች «ፊታችሁን ወደ ግድግዳ» አሏቸው። ልጆቹ ግድግዳውን እያዩ ቆሙ። ከኋላቸው አንዲት ጣት ቁልፍ ትፈልጋለች፣ ታገኛለች፣ ትጫናለች፣ ደግሞ ትፈልጋለች።

«እምቢ አለ» አሉ አባባ ሙታያ። አዳመጡ። «ትልቁን ፊደል? ትልቁ የትኛው ነው፣ እዚህ ሁሉም እኩል ናቸው።» አሁንም አዳመጡና እንደገና ጀመሩ። ካያል በሕይወቷ እንደዚህ የተንዛዛ ነገር አይታ አታውቅም። ሸንባ ከጎኗ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ገባ» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው ላይ ያለው ኩራት ሌላ ነበር። «ማንም ቢጠይቀኝ አልናገርም።»

ካያል ስልኩን ተቀብላ ቲቸር ያለቻትን ብቻ፣ አንድ ነገር ሳትጨምር ተጫነች። ገጽ ከገጽ ውስጥ ተከፈተ። መጨረሻው ላይ ሰርቨሩ ያለበት መስመር «የሕዝብ» ተብሎ ተመዝግቧል። ካያል «የራስ» ወደሚለው ቀየረችው።

«ያዢኝ» አለች ቲቸር። ቁልፎቹ ተንኳኩ። «ይኸው። ከፈተልኝ።»

ካያል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሸንባ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ትከሻቸው ተነካካ። ቲቸር ስሞቹን አንድ በአንድ ስታመሳክር ስልኩ ክፍት ሆኖ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አንዳንዴ ቁልፍ ይሰማል፣ አንዳንዴ የሕፃኑ የመጥባት ድምፅ። ከአጥሩ ውጭ ያጌጡ ጭነት መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ያልፋሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቲቸር «ደርሶናል ብለው መለሱልኝ» አለች። «ሁላችሁም ተልካችኋል።»

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ተናድጄብሻለሁ ካያል። አልደብቅሽም።» ቲቸር አልጮኸችም። «ስለ ገመዱ አይደለም፤ ገመድ ይሳሳታል። ግን ጠፍቶ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅሽ እዚያ ሌላ ዓይን አልነበረኝም። የነገርሽኝን ይዤ ነው እዚህ ስዳክር የዋልኩት። ማን እንደነቀለው አልጠየቅሁሽም፣ አልጠይቅሽምም። በይ ልጄ ተኝቷል፣ እኔም ጎኔን ላሳርፍ።»

ስልኩ ተዘጋ። አባባ ሙታያ የበላችሁበትን አንሱ ሳይሉ ቅጠሎቹን ራሳቸው ሰበሰቡ። ሁሉንም ሰምተዋል። የተነቀለው በማን እጅ እንደሆነም ሸንባን አንድ ጊዜ አይተዋት ተረድተዋል።

«በሉ ፊታችሁን ፍቱት» አሉ። «ዳይሬክተሯ ነገ ሲመጡ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። እሳቸውስ እኔ መሆኔን አምነው ጨርሰዋል። እሳቸው እኔን መቆጣት ለምደዋል፣ እኔም መስማት ለምጃለሁ። እናንተ ትምህርት አለባችሁ።»

ከሸንባ ደረት ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ካያል ሰማችው። እሷም ለአፍታ ደስ አላት። ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ አየችው። ሽማግሌው አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ሸንባ ክፍሏ ውስጥ ትቀራለች፣ ቲቸርም ማንንም አልጠየቀችም። ማንም ምንም አይሆንም። ከዚያ አባባ ሙታያ ደፍ ላይ ተቀምጠው «እሺ እመቤቴ» ሲሉ እንደነበር ታሰባት። ምን እንዳጠፉ እንኳ ሳያውቁ ነው ይቅርታ የጠየቁት። ከአፋቸው የወጣው የእሷ ይቅርታ ነበር።

«አባባ፣ ስልክዎን ያውሱኝ» አለች። «እኔ ጋ ቁጥራቸው የለም።»

«የማን ቁጥር?»

«የዳይሬክተሯ።»

«ተይ እንጂ ልጄ። አለቀ እኮ።»

ካያል እጇን እንደዘረጋች ቆየች። ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ሸንባን አዩና ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ካያል የመጨረሻውን ጥሪ ፈልጋ ተጫነችው። መጥራት ጀመረ።

«ካያል» አለች ሸንባ። ወለሉን አየች፣ ከዚያ በሰንደልና በአበባ ያሸበረቁትን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የምትሰናበታቸው ትመስል ነበር። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ስልኩን እንድትሰጣት መዳፏን ዘረጋች።

ካያል መዳፉን አየችው። ስልኩን ግን አልሰጠቻትም።

«ቆይ» አለቻት። «መጀመሪያ የእኔን ልናገር።»